ቤት ቅየራ በባሕር ዳር፦ ከአይሱዙው ስፖንዳ እስከ ቀዝቃዛው ዳሽን

ባሕር ዳር ውስጥ ቤት የሚቀይር ሰው ከአራት ወገን ጋር ይዋዋላል። ባለመኪናው አለ፣ ጫኝና አውራጁ አለ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ደላላ አለ። አራተኛው ዘመድ ነው፤ እሱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ምሳና ማታ ላይ የሚከፈት ቢራ ይበቃዋል። እዚህ አራቱም ይገመገማሉ፣ ቢራውም አብሮ። ነጥቡን ቀድሞ ማወቅ ለሚፈልግ፦ መኪናው ከአምስት አራት፣ ጫኝና አውራጁ ሦስት፣ ደላላው አንድ። ዘመድ ሥራው ተለይቶ ከተሰጠው አምስት ያገኛል፤ ያገኘውን ሁሉ ልሸከም ካለ ሁለት። ቢራው ነጥብ የሚሰጠው እንዳቀራረቡ ስለሆነ ወደ ኋላ ይቆየን።

ለቤት ዕቃ በብዛት የሚጠራው ኤንፒአር የሚባለው አይሱዙ ነው። የባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ዕቃ በደንብ ከተደረደረ በአንድ ምልልስ ይነሣል። ካልተደረደረ ሁለተኛ ምልልስ ይመጣል፤ ሁለተኛው ላይ የሚጫነው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሶፋ፣ ሁለት ጄሪካንና የተረሳ መጥረጊያ ነው፤ ሂሳቡ ግን ሙሉ ነው። ፒክአፕ ርካሽ ይመስላል፤ ሦስትና አራት ጊዜ ሲመላለስ ግን የአይሱዙውን ዋጋ አልፎ ይሄዳል። አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር፣ ዕቃው አልጋ፣ ፍራሽ፣ ሻንጣና ስቶቭ ብቻ ለሆነ ሰው የጭነት ባጃጅ ይበቃል። ፍሪጅ ካለ ግን ባጃጅ አይሞከር፤ ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ የፍሪጁ መደርደሪያ መስታወትም የበሩ ማጠፊያም አይተርፉም። የፈረስ ጋሪ ለማገዶና ለኬሻ እህል ጥሩ ነው፤ መስታወት ያለው ነገር አይጫንበት።

ዋጋ ሲነገር ሁሉም «ከየት ወዴት?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚያጣላው ግን ከአስፋልት ወርዶ እስከ በሩ ያለው ነው። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና ከበቂ በላይ ስፋት ስላለው ከመሃል ከተማ አባይ ማዶ መሻገር የድሮውን ያህል አያንገላታም። ከድልድዩ ወዲያ፣ አዲስ በተሠራ ሰፈር ውስጥ፣ ጥቁር አፈር ላይ የተጠረገ መንገድ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጫነ አይሱዙ እዚያ ከገባ የኋላ ጎማው ይሰምጣል፤ ዕቃው የቀረውን መንገድ በሰው ጫንቃ ይሄዳል፤ የጫንቃው ዋጋ ደግሞ እንደ አዲስ ይጠየቃል። ከአንድ ቀን በፊት በእግር ሄዶ መኪና በሩ ድረስ መግባቱን፣ ዝቅ ብሎ የተወጠረ የመብራት ሽቦ መኖር አለመኖሩን፣ ግቢው ውስጥ መኪና መዞሪያ ማግኘቱን ማየት ከሁሉ ክርክር ያድናል። ቁም ሳጥን ቀጥ ብሎ የተጫነበት አይሱዙ በጠባብ የሰፈር መንገድ ላይ ሽቦ ጎትቶ መንደሩን ሁሉ ጨለማ ሊያደርግ ይችላል።

መኪናው ሲመጣ ስፖንዳው ይውረድና መጀመሪያ ወለሉ ይታይ። ትናንት ከሰል ወይም ሲሚንቶ ጭኖ ከነበረ ሳይጠረግ ፍራሽ አይነካውም። ሸራና ገመድ የመኪናው ናቸው ወይስ የባለዕቃው? ይህም ቀድሞ ይጠየቅ። ብዙ ሾፌሮች ሸራ አላቸው፤ ሸራው ግን ቀዳዳ አያጣም፣ ቀዳዳው ደግሞ ሁልጊዜ ከስፖንጁ በላይ ይገኛል። በክረምት ከሆነ ፍራሽና ሶፋን ቀድሞ በፕላስቲክ መጠቅለል ነው። ሸራው ሲታሰር ከካቢኑ በኩል ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ብሎ ውሃውን ወደ ኋላ እንዲያፈስ ይደረግ፤ ጎድጎድ ካለ ውሃው መሃል ላይ ይጠራቀምና ክብደቱ ሸራውን ይቀድደዋል።

ደላላው የሚሰጠው አገልግሎት አንድ ስልክ መደወል ነው። መኪኖቹ የሚቆሙበትን የሰፈር ባለሱቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከሾፌሩ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ይረክሳል፤ መኪናውንም በዓይን ማየት ይቻላል። ለደላላው ከዚህ በላይ ቦታ አንሰጠውም።

ጫኝና አውራጁ ላይ ነው ጉዳዩ። ከሾፌሩ ጋር ስትነጋገሩ «ከነጫኙ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «አዎ» ካለ አትርኩ። መጫን ብቻ ነው? ማውረድስ? ቤት ውስጥ አስገብቶ በየክፍሉ ማስቀመጥስ? ስንተኛ ፎቅ? ቁም ሳጥን መፍታትና መልሶ መግጠምስ? እነዚህ አምስቱ በቃል ካልተነገሩ ዕቃው መሬት ላይ ከወረደ በኋላ ድርድሩ እንደገና ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ፍሪጃችሁ አስፋልት ዳር ቆሟልና የመደራደር አቅም የላችሁም። ሌላው ችግር በሚወረድበት ሰፈር «ማውረድ የእኛ ነው» የሚል ሌላ ቡድን መምጣቱ ነው። መፍትሔው ከአዲሱ ቤት ጎረቤት ወይም አከራይ ከዋዜማው ጠይቆ፣ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ከአንደኛው ወገን መጫንን፣ ከሁለተኛው ማውረድን ለይቶ መዋዋል ነው። ሁለት ጊዜ ሙሉ ዋጋ የሚከፍለው ያልጠየቀ ብቻ ነው።

ሥራቸውን የሚያውቁ አራት ሰዎች ከሆኑ አንድ ኮንዶሚኒየም ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይጭናሉ። የሚያውቁትን ከማያውቁት ለመለየት ቡፌው አጠገብ ቆሞ ማየት ይበቃል። የሚያውቅ ሰው መሳቢያውን ያወጣል፣ በሩን በሲባጎ ያስራል፣ ከዚያ ከሥር ይይዛል። የማያውቀው የላይኛውን ጠርዝ ይዞ ያነሣል። ዛሬ የሚሠራው ቡፌ አብዛኛው ኤምዲኤፍ ወይም ቺፑድ ነው፤ የላይኛው ጣውላ በትንንሽ ብሎን ብቻ የተያዘ ስለሆነ ሲነሣ ብሎኑ የተጨመቀውን ፍቅፋቂ እየፈረፈረ ይወጣል። የፈረፈረ ቀዳዳ ዳግመኛ ብሎን አይዝም፤ በኮላና በእንጨት ስንጥር ሞልቶ ማድረቅ፣ አለዚያ ብሎኑን ሁለት ጣት ፈንጠር አድርጎ አዲስ ቦታ መምታት ነው።

ቁም ሳጥን ላይ ትልቁ ስሕተት የኋላው ነው። ከኋላ የተመታው ቀጭን ኮምፔርሳቶ ጌጥ ይመስላል፤ ሳጥኑን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ግን እሱ ነው። ኮምፔርሳቶው ተነቅሎ ሳጥኑ በቁሙ ከተገፋ ወደ ጎን ይዘምማል፤ አራቱም ማዕዘን በአንድ ጊዜ ይላቀቃል። ስለዚህ ደረጃው የሚያሳልፍ ከሆነ ኮምፔርሳቶው ሳይነካ፣ መሳቢያና በሮች ብቻ ወጥተው በሙሉው ይሂድ። መፈታት ካለበት ቅደም ተከተሉ መሳቢያ፣ በር፣ መስቀያ ዘንግ፣ መደርደሪያ፣ ኮምፔርሳቶ፣ ከዚያ ጎንና ጎን ነው። የእያንዳንዱ ብሎን በላስቲክ ተቋጥሮ በስኮች የራሱ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጠፍ። ሁሉንም ብሎን በአንድ ጣሳ የሰበሰበ ሰው ማታ የአልጋ ብሎን ከቡፌ ብሎን ሲለይ ያመሻል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፦ ኮከብና ጠፍጣፋ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ባለ 10 እና ባለ 13 ቁልፍ፣ መዶሻ፣ 20 ሜትር ያህል ሲባጎ፣ ሁለት ጥቅል ስኮች። ጫኞቹ ካቻቪቴ ይዘው ይመጣሉ ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ፍሪጁ ከዋዜማው ማታ ይነቀል፤ በሩ ገርበብ ብሎ ይደር፤ የቀለጠው በረዶ ይጠረግ። መስታወት መደርደሪያዎቹ ወጥተው በጋቢ ይጠቅለሉ። መኪናው ላይ ጀርባው ወደ ካቢኑ ሆኖ በቁሙ ይታሰር። «ትንሽ ቢጋደም ምን ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ዘይት አለ፤ ፍሪጁ ሲተኛ ዘይቱ ወደ ጋዝ መስመሩ ይፈስሳል፤ ወዲያው ከተሰካ ኮምፕሬሰሩ ያለ ዘይት ይሠራል፤ መስመሩም ሊዘጋ ይችላል። በቁሙ ተጉዞ ከሆነ ከተቀመጠ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ይረፍ። ተጋድሞ ከሆነ ቢያንስ የተጋደመበትን ያህል ጊዜ፣ ከተቻለም እስከ ማግስቱ በቁሙ ይቆይ። ይህ ነጥብ ለቢራውም ስለሚያስፈልግ ይታወስ።

ምጣዱ ከሰው እጅ አይውጣ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላው ወፍራም ቢመስልም ከሥሩ ሽቦው የሚያልፍበት ቦይ ተቆፍሮበታል፤ የሚሰነጠቀውም በዚያው ቦይ መስመር ነው። በጎኑ አይቁም፤ ኩሽና ውስጥ እንደሚቀመጠው ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ከሥሩ ስፖንጅ ተደርጎለት፣ አክንባሎው ለብቻው ይሂድ። ዝናብ ከነካው ውሃ ስለሚመጥ በዚያው ቀን በሙሉ ኃይል አይጋል፤ ሁለት ቀን ደርቆ መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እየተበራ እየጠፋ ይሙቅ። አዲሱ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚሰካበትን ሶኬት ማየት ያስፈልጋል። 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይወስዳል፤ ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ከተሰካ የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ሶኬቱ ይሸታል። የተቦካ ሊጥ ይዞ መሄድም አይመከርም፤ ፀሐይና መንገጫገጭ ሲጨመርበት ገንፍሎ የቡሃቃውን ክዳን ይጥላል። ያለው ሊጥ ከዋዜማው ይጋገር፤ እርሾው ብቻ በትንሽ ዕቃ፣ ክዳኑ ላላ ብሎ፣ ካቢን ውስጥ ይሂድ። የጋዝ ሲሊንደር ቫልቩ ተዘግቶ፣ ሬጉሌተሩ ወጥቶ፣ በቁሙ ይታሰራል፤ ከስቶቩ ጋር ተጣብቆ የሚጓዝ ሲሊንደር መቼም አይጫን።

ዘመድ የሚያስፈልገው ለዚህ ለዚህ ነው። ፍሪጅ ሥር ገብቶ ወገቡን የሚያጣ የአክስት ልጅ ማንንም አልጠቀመም፤ በማግስቱ ሐኪም ቤት የሚወስደው ሰው ይፈለጋል። አንድ ሰው አሮጌው ቤት በር ላይ ቆሞ የሚወጣውን ይቁጠር፤ አንዱ ስፖንዳው ላይ ሆኖ አደራደሩን ይቆጣጠር፤ አንዱ አዲሱ ቤት ቀድሞ ደርሶ «ይሄ ወደ መኝታ፣ ይሄ ወደ ሳሎን» ይበል። ይህ ሦስተኛው ሰው ከሌለ ሁሉም ዕቃ ሳሎን ላይ ይከመራል፤ ጫኞቹ ሂሳባቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ፤ ዘመድ ቁም ሳጥን ሲገፋ ያመሻል። ለትልልቅ ሰዎች የቆጠራው ሥራ ይስማማል። «ጋሼ፣ እርስዎ አያንሱ፤ እዚህ ቁጭ ብለው ይቁጠሩልን» ሲባሉ ደስ ይላቸዋል፤ ቆጠራቸውም ከማንም ይበልጣል። ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ ስኒውና ከሰል ማንደጃው በአንድ ካርቶን ሆነው ከሁሉ በኋላ ይጫኑ፤ መጨረሻ የተጫነ መጀመሪያ ይወርዳልና። መጥረጊያና አንድ ጄሪካን ውሃም አብረው። ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የሚሸተው ቡና ከሆነ የቀረው ይቀላል፤ ጎረቤት «ቤት ለእንቦሳ!» ብሎ ሲገባ «እንቦሳ እሰሩ» የሚባለው ስኒ ተይዞ ነው።

ሥራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ እስከ 6 ሰዓት ማለቅ አለበት። በጋ ላይ ከቀትር በኋላ ያለው የባሕር ዳር ሙቀት ሰው ይጥላል፤ ክረምት ላይ ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ከመሸ ደግሞ ዕቃ የጫነ መኪና ሳይጠየቅ አያልፍም፤ የኪራይ ውሉና መታወቂያው ከባለዕቃው ኪስ አይራቅ።

እንግዲህ ቢራው። ፍሪጁ እያረፈ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚቀዘቅዝ ነገር የለም። ያለው ምርጫ ሦስት ነው፦ ግሮሰሪ ሄዶ ድራፍት መጠጣት፣ ከግሮሰሪ የቀዘቀዘ ጠርሙስ ማምጣት፣ ወይም ሳጥን ገዝቶ በበረዶ ማቀዝቀዝ።

ምርጫችን ዳሽን ነው። በ1992 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተቋቋመ ነው፤ ጎንደርና ባሕር ዳር መሃል ያለው መንገድ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ጠርሙሱ ፀሐይ ሳይበዛበት፣ መጋዘን ውስጥ ሳይከርም የመድረስ ዕድሉ ከሌሎቹ ይሻላል። ጣዕሙ ገብሱ ቀድሞ የሚመጣ፣ ምሬቱ ምላስ ላይ የማይከርም፣ ቀለል ያለ ላገር ነው። ለደከመና ላቡ ላልደረቀ ሰው የሚስማማው እንዲህ ያለው ነው። በ1915 ዓ.ም. የተጀመረው ቅዱስ ጊዮርጊስ የራሱ ወዳጆች አሉት፤ ከዘመዶቹ መካከል አንድ «ከጊዮርጊስ ውጪ አልጠጣም» የሚል ስለማይጠፋ ሁለት ጠርሙስ ለእሱ ማስቀመጥ ሰላም ነው።

ድራፍት ከጠርሙስ ይበልጣል የሚባለው እውነት የሚሆነው ግሮሰሪው ድራፍቱ ቶሎ ቶሎ የሚሸጥለት ከሆነ ነው። ድራፍት የሚያልቅበት ቤት በርሜሉ ስለማይከርም ትኩስ ነው፤ ገበያው ቀዝቀዝ ባለ ቤት ሦስተኛ ቀኑን የያዘ በርሜል ግን የኮመጠጠ ወይም ቅቤ ቅቤ የሚል ሽታ ያመጣል፤ ይህም ያልታጠበ ቱቦ ምልክት ነው። ጃምቦው ሲቀርብ አረፋው ሁለት ጣት ያህል ይሁን፤ ሲጠጣ ብርጭቆው ላይ ቀለበት ቀለበት እየሠራ ቢወርድ ብርጭቆው ንጹሕ ነው። አረፋው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከጠፋ፣ የብርጭቆው ግድግዳ ላይም ፊኛ ፊኛ ከተለጠፈ ሳሙና ወይም ቅባት አለበት፤ ይመለስ። መብራት ጠፍቶ የዋለበት ቀን ድራፍት አይታዘዝ፤ ሙቅ ድራፍት አረፋ ብቻ ሆኖ ይወጣል፤ አስተናጋጁ ከፍሎ ከፍሎ ሲቀዳ ጋዙ አልቆ ውሃ ውሃ ይላል።

ለሳጥን ገዢ፦ ሳጥኑ 24 ጠርሙስ ነው። ዕቃ ሲጫን አብሮ መኪናው ላይ አይሂድ፤ ፀሐይ የቢራውን ጌሾ ሽታ ያበላሻል፤ የተንገጫገጨ ቢራም ሲከፈት ግማሹ መሬት ላይ ይቀራል። ቀድሞ አዲሱ ቤት ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ለማቀዝቀዝ ትልቅ ሳፋ፣ በረዶ፣ ውሃና ጨው ይበቃል። በረዶ ብቻ ከተደረገ በመሃሉ አየር ስለሚኖር ጠርሙሱ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው፤ ውሃ ሲጨመር በረዶው ጠርሙሱን በሁሉም ጎን ይነካል፤ ሁለት ሦስት እፍኝ ጨው ደግሞ ውሃውን ከዜሮ በታች ያወርደዋል። 12 ጠርሙስ በ20 ደቂቃ አካባቢ ይደርሳል። ለሰዓታት ከተረሳና በረዶው ከበዛ ቢራው ሊረጋ፣ ጠርሙሱም ሊሰነጠቅ ይችላል። ዓሣ የሚያዝበትን በረዶ ለጠርሙሱ ውጪ መጠቀም ነውር የለውም፤ ብርጭቆ ውስጥ ግን አይገባም። እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ ላይ ማስቀመጥ የሚሉትም አለ፤ ያ የሞቀውን ለብ ያደርገዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም።

ከቢራው በፊት ውሃ። ቀኑን ሙሉ ያላበ ሰው በባዶ ሆዱ ሁለት ቢራ ከጠጣ ራሱን የሚያመው በዚያው ማታ ነው፤ ግማሽ ሊትር ውሃና ምግብ ይቅደም። ጾም ካልሆነ፣ ወይም ዓሣ ከጾም የማያስፈታው ሰው ከሆነ፣ የጣና ቆሮሶ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ የተጠበሰ፣ ከሎሚና ከአዋዜ ጋር፣ ከዳሽን የሚስማማ ሌላ የለም። አምባዛ ሥጋው ቅባታም ስለሆነ ለደከመ ሆድ ይከብዳል። ገበያ ሄዶ ለሚገዛ፦ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነው ይወሰድ። ለማይጠጡት አምቦ ውሃ እዚያው ሳፋ ውስጥ ይግባ።

ለሾፌሩ ቢራ አይቅረብ፤ ለጫኞቹም የመጨረሻው ዕቃ ቤት ገብቶ ሂሳባቸው ከተዘጋ በኋላ ነው፤ መሃል ላይ የተከፈተ ቢራ ቡፌ ሲሰብር ይታያል። ዘመዶች ሲመለሱ መኪናቸውን ትተው በባጃጅ ይሂዱ።

ያልተጠጣው እዚያው ጥላ ውስጥ ይደርና ጠዋት ፍሪጁ ሲሰካ ይገባል። ባዶዎቹ ከነሳጥኑ ተቆጥረው 24 ሆነው ይመለሱ፤ ባለሱቁ የጠርሙስ መያዣውን የሚመልሰው በቁጥር ነው፤ አንዱ ብዙ ጊዜ ከሶፋው ሥር ይገኛል።